ሪቻርድ ፋይንማን፦ ኳንተም ኮምፒውተርን አስመስሎ የማስላትን ወሰንና ዘዴ ያመለከተ ሊቅ

መግቢያ

ኳንተም ኮምፒውተርን በተለመዱት ኮምፒውተሮች አስመስሎ ማስላት (ሲሙሌሽን) ዛሬ በፊዚክስና በኮምፒውተር ሳይንስ ምርምር ውስጥ የዕለት ተዕለት ሥራ ሆኗል። የራሱ ሱፐርኮምፒውተር የሌለው የድኅረ ምረቃ ተማሪ እንኳ በክላውድ አገልግሎት አማካይነት በሩቅ የመረጃ ማዕከል የሚገኙ ማሽኖችን በሰዓት ተከራይቶ፣ የነደፈው የኳንተም ሰርኪዩት ምን ውጤት እንደሚሰጥ መመርመር ይችላል። ይሁን እንጂ ሥራው ጥብቅ ወሰን አለው። በሰርኪዩቱ ላይ አንድ ኪውቢት በተጨመረ ቁጥር ሁኔታውን በሙሉ ለመመዝገብ የሚያስፈልገው ማህደረ ትውስታ እጥፍ ይሆናል።

ይህን ወሰን ቀድመው በግልጽ ካመለከቱት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፊሊፕስ ፋይንማን ነው። ወሰኑን ወደፊት ለመግፋት ዛሬ ከሚሠራባቸው ዋና ዋና ስልቶች አንዱም፣ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ይኸው ሰው ለሌላ ዓላማ የቀመረው የመንገዶች ድምር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የፋይንማንን ሕይወት ከስሌት ጋር በነበረው ግንኙነት በኩል ይቃኛል፤ የእርሱ ሁለት ሐሳቦች ከሞቱ በኋላ በክላውድ ማሽኖች ላይ እንዴት ፊት ለፊት እንደተገናኙም ያሳያል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልጅነት፣ ትምህርትና የመንገዶች ድምር

ፋይንማን ሜይ 11 ቀን 1918 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሜልቪል ፋይንማን በደንብ ልብስ ንግድ የሚተዳደር ሰው ነበር። ለልጁም የአንድን ነገር ስም ከመሸምደድ ይልቅ አሠራሩን መመርመር እንደሚበልጥ ያስተምረው ነበር። ልጁ በፋር ሮካዌይ ሰፈር ሲያድግ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን የጎረቤቶቹን የተበላሹ ሬዲዮኖች እየጠገነ ጥቂት ገንዘብ ያገኝ ነበር። በ1935 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገባ። የመጀመሪያ ዲግሪውን በ1939 ካገኘ በኋላ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በጆን ዊለር አማካሪነት የዶክትሬት ጥናቱን ጀመረ።

የጥናቱ መነሻ እንግሊዛዊው ፖል ዲራክ በ1933 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ያመለከተው፣ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ያላዳበረው ሐሳብ ነበር። በኒውተን ፊዚክስ አንድ ቅንጣት ከአንድ ሥፍራ ተነሥቶ ወደ ሌላ ሲደርስ የሚጓዘው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ፋይንማን የኳንተምን ሕግ ከዚህ በተለየ መልክ አቀረበው። በሁለቱ ሥፍራዎች መካከል ሊኖሩ የሚችሉት መንገዶች ሁሉ በስሌቱ ውስጥ ይገባሉ፤ እያንዳንዱ መንገድ አንድ ኮምፕሌክስ ቁጥር ያዋጣል፤ ቁጥሮቹም ይደመራሉ። አንዳንዶቹ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፣ ሌሎቹ ይጣፋሉ። የድምሩ መጠን ካሬ ቅንጣቱ በመድረሻው ሥፍራ የመገኘቱን ዕድል ይሰጣል። ፋይንማን በዚህ ሥራ በ1942 የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ፤ ሐሳቡም ተስፋፍቶ በ1948 በታተመው ጽሑፉ ለሳይንሱ ዓለም ቀረበ።

ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዘዴው አንድ ጠባይ ልብ ሊባል ይገባል። ድምሩ የተሠራው ከብዙ ነጻ ቁራጮች ነው። የአንዱን መንገድ ድርሻ ለማስላት የሌላውን መንገድ ውጤት ማወቅ አያስፈልግም። በ1948 ይህ ጠባይ ለስሌት ክፍፍል ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ ማሽን አልነበረም።

ሎስ አላሞስ፦ በሰዎችና በካርዶች የተሠራ ስሌት

ፋይንማን የወጣትነት ጓደኛውን አርሊን ግሪንባውምን ያገባው የዶክትሬት ዲግሪውን ባገኘበት በ1942 ነው። አርሊን በዚያን ጊዜ በሳንባ ነቀርሳ ታማ ነበር፤ በሽታውም በዘመኑ ፍቱን መድኃኒት አልነበረውም። በሚቀጥለው ዓመት ፋይንማን በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በሎስ አላሞስ፣ በምስጢር ወደ ተቋቋመው የአቶሚክ ቦምብ የምርምር ጣቢያ ሲሄድ አርሊን በአልበከርኪ ከተማ ሆስፒታል ተኛች። እርሱም በሳምንቱ መጨረሻ እየተመላለሰ ይጠይቃት ነበር።

በጣቢያው ፋይንማን በሀንስ ቤቴ በሚመራው የቲዎሪ ክፍል ውስጥ ተመደበ። የቦምቡን ፍንዳታ ሂደት የሚገልጹት እኩልታዎች በእጅ ተሰልተው የሚያልቁ አልነበሩም። የአይ.ቢ.ኤም. ፐንች ካርድ ማሽኖች እስኪመጡ ድረስ ስሌቱ በሜካኒካል የሒሳብ መኪናዎች ላይ በተቀመጡ ሰዎች ይሠራ ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ሥራው በየደረጃው ተከፋፈለ፤ አንዷ ማባዛትን ብቻ፣ ሌላዋ መደመርን ብቻ እየሠራች ካርዱን ለሚቀጥለው ሰው ታስተላልፋለች። በዚህ ቅንብር የተገኘው ፍጥነት ከማሽኖቹ ከሚጠበቀው ፍጥነት ጋር የሚስተካከል ሆነ። ልዩነቱ ማሽኖቹ አለመድከማቸው ብቻ ነበር።

ማሽኖቹ ከመጡ በኋላም ሥራው አዝጋሚ ነበር። በማሽኖቹ ላይ የተመደቡት ወጣት ወታደሮች የሚሰሉት ቁጥሮች ምን እንደሆኑ አልተነገራቸውም ነበር። ፋይንማን የጣቢያው ዳይሬክተር ሮበርት ኦፐንሃይመር ፈቃድ እንዲያስገኝ ካደረገ በኋላ የሥራውን ምንነት አስረዳቸው። ወጣቶቹም በራሳቸው ተነሣሽነት የአሠራሩን ዘዴ ማሻሻል ጀመሩ። አንድ ችግር ተሠርቶ እስኪያልቅ ሌላው ቆሞ ይጠብቅ የነበረው ቀርቶ፣ በተለያየ ቀለም የተለዩ የካርድ ክምሮች በተለያዩ ማሽኖች ላይ በአንድ ጊዜ መዞር ጀመሩ። ስሕተት ሲገኝ ሙሉው ስሌት እንደገና አይጀመርም፤ ስሕተቱ የነካቸው ካርዶች ብቻ ተለይተው በፍጥነት ይታረማሉ። ፋይንማን ኋላ እንደተረከው፣ ቀድሞ በ9 ወራት 3 ችግሮችን ብቻ ፈትቶ የነበረው ቡድን በ3 ወራት 9 ችግሮችን ለመፍታት በቃ። ሥራን ወደ ቁርጥራጮች መከፋፈል፣ በርካታ ሥራዎችን ጎን ለጎን ማስኬድ፣ የተበላሸውን ቁራጭ ብቻ እንደገና ማስላት፦ እነዚህ ሦስቱ ዛሬም የክላውድ ስሌት መሠረቶች ናቸው።

አርሊን ጁን 16 ቀን 1945 ዐረፈች፤ የመጀመሪያው የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ የተደረገው ልክ ከአንድ ወር በኋላ ጁላይ 16 ቀን ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ፋይንማን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ቢጀምርም ለረጅም ጊዜ በሐዘን ተውጦ ቆየ። ሰዎች ድልድይ ሲሠሩ ባየ ጊዜ፣ ሁሉም ነገር በቅርቡ የሚወድም ስለ መሰለው ድካማቸው ከንቱ መስሎ ይታየው እንደነበር ራሱ ተርኳል። ፈጣን ስሌት ምን ላይ ሊደርስ እንደሚችል ከሎስ አላሞስ የተማረው በዚህ መራር መልክ ነበር።

በማሽን ውስጥ የማይገባው ተፈጥሮ

ፋይንማን በ1950 ወደ ካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተዛውሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በዚያ አስተማረ። በኳንተም ኤሌክትሮዳይናሚክስ ባበረከተው ሥራ በ1965 ከጁሊያን ሽዊንገርና ከሺኒቺሮ ቶሞናጋ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተካፈለ። በ1960 ግዌነት ሀዋርዝን አግብቶ ሁለት ልጆች አሳደገ። የስሌት ማሽን ጉዳይ በእነዚህም ዓመታት ከሐሳቡ አልራቀም። በዲሴምበር 1959 ለአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር ባደረገው ንግግር፣ የኮምፒውተር ክፍሎች እጅግ አነስተኛ እንዳይሆኑ የሚከለክል የተፈጥሮ ሕግ እንደሌለ አስረድቶ ነበር።

በሜይ 1981 በማሳቹሴትስ፣ በዴድሃም፣ በኤንዲኮት ሃውስ በተደረገ የስሌት ፊዚክስ ጉባኤ ላይ ጥያቄውን ከሌላ አቅጣጫ አነሣው። ኮምፒውተር ተፈጥሮን በትክክል አስመስሎ ሊያሰላ ይችላልን? ለመልሱ ጥብቅ መስፈርት አስቀመጠ፤ የሚሰላው የተፈጥሮ ክፍል በእጥፍ ሲያድግ የሚያስፈልገው ማሽን በተመጣጣኝ መጠን ሊያድግ ይገባል እንጂ በየጊዜው እየተባዛ ሊፈነዳ አይገባም። የኳንተም ሥርዓት ይህን መስፈርት አያሟላም። የብዙ ቅንጣቶችን የጋራ ሁኔታ ለመግለጽ የሚያስፈልጉት ቁጥሮች ቅንጣቶቹ በጨመሩ ቁጥር በብዜት ያድጋሉ።

በዛሬ አቆጣጠር ሲታይ ነገሩ ግልጽ ነው። የእያንዳንዱ አምፕሊቲዩድ ቁጥር 16 ባይት ቢይዝ፣ 30 ኪውቢት ወደ 17 ቢሊዮን ባይት ይጠይቃል፤ ይህ በአንድ ጥሩ የግል ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። 40 ኪውቢት ወደ 17.6 ትሪሊዮን ባይት ይጠይቃል፤ ይህም ብዙ የተያያዙ ማሽኖችን ይፈልጋል። 50 ኪውቢት ደግሞ ወደ 18 ሺህ ትሪሊዮን ባይት ይደርሳል።

ፋይንማን ሁለተኛ መውጫም መርምሯል። ቁጥሮቹን ሁሉ ከመመዝገብ ይልቅ ተፈጥሮ እንደምታደርገው ውጤቶችን በዕድል የሚያወጣ ተራ ማሽን መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ጆን ቤል በ1964 ካሳየው ጋር በሚዛመድ ማስረጃ፣ እንዲህ ያለው ማሽን ከዜሮ በታች የሆኑ ዕድሎችን ካልተጠቀመ በቀር የኳንተምን ውጤት ሊሰጥ እንደማይችል አመለከተ። ስለዚህ ኳንተምን አስመስሎ የሚያሰላው ማሽን ራሱ በኳንተም ሕግ የሚሠራ መሆን አለበት ወደሚለው መደምደሚያ ደረሰ። ፖል ቤኒኦፍና ዩሪ ማኒን በ1980 ተቀራራቢ ሐሳቦችን አቅርበው የነበረ ቢሆንም፣ በ1982 የታተመው የፋይንማን ንግግር ለመስኩ ዋና መነሻ ሆኖ ይታወሳል።

የ65,536 ፕሮሰሰሮች ማሽን

ከጉባኤው ሁለት ዓመት በኋላ ፋይንማን ተቃራኒ በሚመስል ሥራ ተሰማራ። በ1983 በጋ፣ ዳኒ ሂሊስ ባቋቋመው ቲንኪንግ ማሽንስ በተባለው ኩባንያ ተቀጥሮ ኮኔክሽን ማሽን የተሰኘውን ኮምፒውተር ለመሥራት አገዘ። ማሽኑ 65,536 ትንንሽ ፕሮሰሰሮችን በአንድ ጊዜ የሚያሠራ ነበር። ለፋይንማን የተሰጠው ተግባር በፕሮሰሰሮቹ መካከል መልእክት የሚያመላልሰውን ክፍል መመርመር ነበር። በእያንዳንዱ ቺፕ ላይ መልእክቶች ተራቸውን የሚጠብቁበት ስንት ጊዜያዊ ማቆያ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ፣ መሐንዲሶቹ በተለመደው የዲጂታል ንድፍ ስልት 7 ሲሉ፣ እርሱ እንደ ፊዚክስ ሊቅ በዲፈረንሻል እኩልታ አስልቶ 5 በቂ መሆኑን ደመደመ። ኩባንያው መጀመሪያ 7ን ቢመርጥም ቺፑ ከሚፈቀደው መጠን በላይ ስለሆነ ወደ 5 ለመመለስ ተገደደ፤ ማሽኑም በ5 ማቆያዎች በትክክል ሠራ።

በዚሁ ጊዜ ፋይንማን የኳንተም ክሮሞዳይናሚክስ ስሌት በዚህ ማሽን ላይ በምን ፍጥነት ሊሠራ እንደሚችል ለመገመት ራሱ ፕሮግራም ጻፈ። በ1981 ተራ ኮምፒውተር ኳንተምን በብቃት ሊያስመስል አይችልም ያለው ሰው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ኳንተምን ለማስላት ተራ ኮምፒውተርን ማዘጋጀቱ እርስ በርሱ የሚጋጭ አይደለም። የ1981 ክርክሩ ስለ ዕድገት ምጣኔ እንጂ ስለ እያንዳንዱ ስሌት አልነበረም። አንድ የተወሰነ ችግር በብልሃትና በብዙ ማሽኖች ሊፈታ ይችላል፤ ችግሩ እያደገ ሲሄድ ግን ማሽኖቹ ሊከተሉት አይችሉም።

ፋይንማን ከ1983 እስከ 1986 በካሊፎርኒያ ኢንስቲትዩት ስለ ኮምፒውተሮች ችሎታና ወሰን የሚያስተምር ኮርስ ሰጠ። በ1985 ደግሞ የኳንተም ሕግን የሚከተል ኮምፒውተር እንዴት ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ ዝርዝር ንድፍ አሳተመ። በ1986 የቻሌንጀር መንኮራኩርን አደጋ በመረመረው ኮሚሽን ውስጥ በካንሰር እየታመመ ሠራ። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1988 በሎስ አንጀለስ በ69 ዓመቱ ዐረፈ። የነደፈው ዓይነት ማሽን በሕይወት ሳለ አልተሠራም።

ከሞቱ በኋላ፦ መንገዶቹ በክላውድ ላይ

ፒተር ሾር በ1994 ኳንተም ኮምፒውተር ትላልቅ ቁጥሮችን በፍጥነት ወደ ብዜቶቻቸው ሊተነትን እንደሚችል አሳየ። ሴት ሎይድ በ1996 የፋይንማን ግምት ሰፊ ለሆኑ የኳንተም ሥርዓቶች እውነት መሆኑን በማስረጃ አረጋገጠ። በ2016 አይ.ቢ.ኤም. ባለ 5 ኪውቢት ማሽን በክላውድ አማካይነት ለሕዝብ ክፍት አደረገ። ቆይቶም የክላውድ አገልግሎት ሰጪዎች ከእውነተኞቹ የኳንተም ማሽኖች ጎን አስመስለው የሚያሰሉ ፕሮግራሞችን ማከራየት ጀመሩ። የአማዞን ብራኬት አገልግሎት፣ ለምሳሌ፣ እስከ 34 ኪውቢት ድረስ ሙሉ ሁኔታውን መዝግቦ የሚያሰላ ፕሮግራም አቅርቧል።

አስመስሎ ለማስላት ሁለት መሠረታዊ ስልቶች አሉ። የመጀመሪያው በሽሮዲንገር ስም የሚጠራው ሲሆን ሁሉንም አምፕሊቲዩድ በአንድ ጊዜ በማህደረ ትውስታ ይይዛል፤ ጊዜው ቁጥብ ነው፣ ማህደረ ትውስታው ግን ይፈነዳል። ሁለተኛው በፋይንማን ስም የሚጠራው ነው፤ በሰርኪዩቱ ውስጥ ያሉትን መንገዶች አንድ በአንድ አስልቶ ይደምራል። ይህ ስልት ጥቂት ማህደረ ትውስታ ብቻ ይፈልጋል፤ ነገር ግን የመንገዶቹ ብዛት ከጌቶቹ ብዛት ጋር በብዜት ያድጋል። ስለዚህ ሁለቱም ብቻቸውን ትልቅ ሰርኪዩት ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ።

ተመራማሪዎች ሁለቱን አዋሕደው ሽሮዲንገር–ፋይንማን የሚባለውን ስልት ሠሩ። ባለ 56 ኪውቢት ሰርኪዩት በሁለት እኩል ክፍሎች ቢቆረጥ እያንዳንዱ 28 ኪውቢት ይይዛል። አንድ ክፍል በ16 ባይት ስሌት ወደ 4.3 ቢሊዮን ባይት ይጠይቃል፤ ሳይቆረጥ ቢሆን ኖሮ ከአንድ ሚሊዮን ትሪሊዮን ባይት በላይ ባስፈለገ ነበር። ቁርጡን የሚያቋርጥ እያንዳንዱ ጌት ወደ ጥቂት ቃላት ድምር ይበተናል። ጌቱ ወደ ሁለት ቃላት የሚበተን ከሆነ፣ 20 አቋራጭ ጌቶች 1,048,576 መንገዶችን ይፈጥራሉ።

ይህ ስልት ለክላውድ የተመቸበት ምክንያት በ1948 ድምር ውስጥ የነበረው ጠባይ ነው። እያንዳንዱ መንገድ ከሌሎቹ ጋር ሳይነጋገር በአንድ ተከራይ ማሽን ላይ ሊሰላ ይችላል። ሱፐርኮምፒውተርን ውድ የሚያደርገው በማሽኖቹ መካከል ያለው ፈጣን ትስስር እዚህ አያስፈልግም። አንድ ማሽን መሃል ላይ ቢቋረጥ የእርሱ መንገድ ብቻ እንደገና ይሰላል፤ ይህም የሎስ አላሞስን ባለ ቀለም ካርዶች ያስታውሳል። ከመንገዶቹ ጥቂቱን ብቻ መደመርም ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ የውጤቱ የታማኝነት መጠን ከተደመሩት መንገዶች ድርሻ ጋር ይመጣጠናል። የዛሬዎቹ የኳንተም ማሽኖች ራሳቸው ስሕተት የሚበዛባቸው በመሆናቸው ፉክክሩ ከፍጹም ውጤት ጋር አይደለም። በ2018 የጉግል ተመራማሪዎች ባሉበት ቡድን የቀረበ ጥናት፣ ባለ 56 ኪውቢት ሰርኪዩትን በ0.5 ከመቶ ታማኝነት አስመስሎ ማስላት በክላውድ ኪራይ ወደ 35 ሺህ ዶላር እንደሚፈጅ ገመተ፤ የሰርኪዩቱ ጥልቀት በ8 ደረጃ ብቻ ቢጨምር ግን ዋጋው ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ አሳየ።

የወሰኑ ሥፍራ ምን ያህል አከራካሪ እንደሆነ በ2019 ታየ። ጉግል ባለ 53 ኪውቢቱ ሲካሞር ማሽን በ200 ሰከንድ የሠራውን ሥራ ትልቁ ሱፐርኮምፒውተር በ10,000 ዓመታት እንደሚጨርሰው አስታወቀ። አይ.ቢ.ኤም. ወዲያው በዲስክ ማከማቻ በመታገዝ በ2.5 ቀናት ሊሠራ እንደሚችል ተከራከረ። በ2022 የታተመ የቻይና ተመራማሪዎች ሥራ ደግሞ ስሌቱን ቴንሰር ኔትዎርክ በሚባለው ስልት ቆራርጦ፣ በ512 ግራፊክስ ፕሮሰሰሮች በ15 ሰዓታት ያህል አከናወነው። በዚህም ስልት ውስጥ አውታሩን ቆርጦ ነጻ ቁራጮችን መደመር የመንገዶች ድምር ቅርብ ዘመድ ነው።

ማጠቃለያ

ከእነዚህ ውጤቶች ተነሥቶ ፋይንማን በ1981 ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ከ10,000 ዓመታት ወደ 15 ሰዓታት የወረደው የአንድ የተወሰነ ሰርኪዩት ስሌት ነው፤ ኪውቢትና ጥልቀት ሲጨመር ዋጋው በብዜት ማደጉ አልቀረም። በሌላ በኩል ወሰኑ በኪውቢት ብዛት ብቻ እንደማይለካም ታውቋል። ክሊፎርድ በተባሉት ጌቶች ብቻ የተሠራ ሰርኪዩት ሺህ ኪውቢት ቢኖረውም በተራ ኮምፒውተር በቀላሉ ይሰላል።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ተራ ኮምፒውተር ኳንተም ኮምፒውተርን በብቃት ሊያስመስል አይችልም የሚለው አባባል እስከ ዛሬ በሒሳብ ያልተረጋገጠ መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ተመራማሪዎች እውነትነቱን ያምናሉ፤ ነገር ግን እምነቱ የቆመው የተሻለ ስልት ለማግኘት የተደረጉ ሙከራዎች ባለመሳካታቸው ላይ ነው። በመሆኑም በክላውድ ላይ የሚካሄድ እያንዳንዱ ስሌት ሁለት ተግባር አለው። የኳንተም ማሽን የሰጠው ውጤት ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ምስክር ነው፤ የፋይንማን ወሰን በእርግጥ የት እንደሚገኝም የሚፈትን ሙከራ ነው። ምስክሩ ሊከተል የማይችልበት መጠን ላይ ሲደረስ የኳንተም ማሽኑን ውጤት በምን ማመን ይቻላል የሚለው ጥያቄ ለተከታዩ ትውልድ ተመራማሪዎች የቀረ ሥራ ነው።